«ተገኘ» ከማለታችን በፊት

አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። አንዴ ከአፍ ያመለጠ ቃል ቁልቁል እንደተለቀቀ ድንጋይ ነው፤ ልመልስህ ቢሉት አይመለስም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደችኝም ባለፈው ሴሚስተር ከአፌ ያመለጠች አንዲት ዜና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ኮርሳችን እያንዳንዱ ተማሪ የአምስት ደቂቃ የሳይንስ ዝግጅት ጽፎ በልምምድ ስቱዲዮ እንዲያነብ አሳይመንት ተሰጠን። ሌሎቹ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ፀሐይ ኃይል ሲጽፉ እኔ «ከበድ ያለ ነገር ልምረጥ» ብዬ የቅንጣቶች መጠነ ቁስ ከየት መጣ የሚለውን ያዝኩ። ከበድ ያለ መሆኑስ እውነት ነው! ሁለት ቀን አነበብኩ፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም፣ የማስረከቢያው ቀን ግን ደረሰ። ማይክራፎኑ ፊት ቁጭ ብዬ እንዲህ ስል ጀመርኩ፦ «ሳይንቲስቶች ለሁሉም ነገር ክብደት የሚሰጠውን የእግዚአብሔርን ቅንጣት አገኙ። ወደ አምስተኛው የጠፈር አቅጣጫ የሚወስደው በርም ተከፈተ።»

የክፍል ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ውጤቱም ደህና ነበር።

ከስቱዲዮ ስወጣ ግን በሩ ላይ የሚቀመጡት የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጠሩኝ። ድምፅ ማጉያዋ ከወንበራቸው በላይ ስለተሰቀለች የምናነበውን ሁሉ ይሰማሉ። «ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ፈረንጆቹ እግዚአብሔርን በማሽን አገኙት ነው የምትይው?»

«ኧረ አይደለም አባባ! የቅንጣቷ ስም ነው እንጂ» አልኳቸው።

«ስሟ ከሆነ ምኑን ነው የምትሰጠን ያልሽው? ክብደት የምትሰጠን እሷ ናት አላልሽም?»

መልስ አልነበረኝም። በሳቅ አልፌው ሄድኩ። ማታ ዶርም ገብቼ ለጓደኛዬ እንደ ቀልድ ነገርኳት። እሷ የፊዚክስ ተማሪ ናት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። «እሳቸው እኮ ከአንቺ የተሻለ ጋዜጠኛ ናቸው» አለችኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቁጭ ብለን ስናየው በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ስህተት ቆጠርን። አራት! እኔ ደግሞ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር በሙሉ ልብ ነው ያነበብኳቸው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሳይንስን ስንዘግብ የምናጠፋው በአብዛኛው ፊዚክሱን ስላልተማርን አይደለም። ሦስት ግሦችን ስለምንደባልቅ ነው፦ «ተገኘ»፣ «ታሰበ» እና «ተፈልጎ አልተገኘም»። የመጠነ ቁስ ታሪክ ደግሞ ሦስቱንም ግሦች በአንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም። ስህተቶቼን አንድ በአንድ እየዘረዘርኩ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ክብደት ያልኩት

ክብደትና መጠነ ቁስ አንድ አይደሉም። ይህን እኮ በሁለተኛ ደረጃ ተምረነዋል! ክብደት መሬት እኛን የምትስብበት ኃይል ነው። ጨረቃ ላይ ብንሄድ ክብደታችን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል፤ መጠነ ቁሳችን ግን ያው ነው። መጠነ ቁስ ማለት አንድ ነገር ሲገፉት «አልነቃነቅም» የሚልበት ግትርነት ነው ብንል ይቀላል። በገበያ ቋንቋ ሁለቱንም «ኪሎ» ስለምንላቸው ምላሳችን ያሳስተናል። ሽንኩርት ስንገዛ ምንም አይደለም፤ ስለ ቅንጣቶች ስንዘግብ ግን ከመነሻው ሌላ ጥያቄ ውስጥ ገባን ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹ የጠየቁት «መሬት ለምን ትስበናለች?» ብለው አይደለም። «ቅንጣቶች ግትርነቱን ከየት አመጡት?» ብለው ነው።

ሁለተኛው ስህተት፦ «ለሁሉም ነገር» ያልኩት

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ ከሥሩ ቢጀመር ይሻላል።

እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስንል ፈረንጁ 8 ሰዓት ይላል። አቆጣጠሩ ተለያየ እንጂ ፀሐይዋ ያለችበት ቦታ አንድ ነው። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ መንደር ሰዓቱን እንደፈለገው ይቁጠር እንበል። ያን ጊዜ ቀጠሮ መያዝ የሚቻለው በመንደሮቹ መካከል እየተመላለሰ «የእነሱ 2 የእናንተ 8 ነው» የሚል መልእክተኛ ሲኖር ብቻ ነው። ፊዚክስ ውስጥ ጌጅ ቲዎሪ የሚባለውም በደምሳሳው ይኸው ነው፤ ጌጅ ማለት መለኪያ እንደማለት ነው። በየቦታው መለኪያው ቢቀየርም የተፈጥሮ ሕግ እንዳይቀየር ከተፈለገ በመካከል የሚያስታርቅ መስክ የግድ ያስፈልጋል። ኃይልን ከቦታ ቦታ የሚያደርሰው ይህ መስክ ነው። የኤሌክትሪክና የማግኔት መልእክተኛ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሒሳቡ በቀጥታ ሲሠራ መልእክተኞቹ ሁሉ መጠነ ቁስ የሌላቸው መሆን አለባቸው ይላል። ፎቶን እንደታዘዘው ምንም የለውም። ደካማ ለሚባለው የኑክሌር ኃይል የሚላላኩት ደብልዩ እና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል ሲገኙ ከባዶች ነበሩ። ደብልዩ የፕሮቶንን 86 እጥፍ ገደማ፣ ዜድ ደግሞ 97 እጥፍ ገደማ መጠነ ቁስ አላቸው። እንዲህ ከባድ መሆን እንዳለባቸው ቀድሞ ይታወቅ ነበርና ጥያቄው የቆየ ነው፦ ሕጉ ባዶ እጅ ያላቸውን መልእክተኞች ማን አሸከማቸው?

መልሱ ታስቦ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ቤልጅጎቹ ሮበርት ብራውትና ፍራንስዋ ኦንግሌር፣ እንግሊዛዊው ፒተር ሂግስ፣ እንዲሁም ጉራልኒክ፣ ሄገን እና ኪብል የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በየፊናቸው ተቀራራቢ ሐሳብ አቀረቡ። ባዶ የምንለው ጠፈር በእርግጥ ባዶ አይደለም፤ በየቦታው አንድ ዓይነት መስክ ሞልቶበታል፤ ከዚህ መስክ ጋር የሚነካኩ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ ያገኛሉ፣ የማይነካኩት ደግሞ እንደ ፎቶን ያለ መጠነ ቁስ ይቀራሉ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ መስክ «እንደ ጭቃ ቅንጣቶችን ይይዛቸዋል» ተብሎ ይጻፋል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ግን ይህንንም ሰረዘችው። ጭቃ የሚሄደውን ያዘገየዋል፣ በመጨረሻም ያቆመዋል፤ መጠነ ቁስ ያለው ነገር ግን የሚያቆመው ከሌለ ያለማቋረጥ ይሄዳል። ምሳሌ ስላማረ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ይህን እንኳ ለኪስ ደብተሬ ጻፍኩት።

ታዲያ ይህ መስክ መኖሩን የሚመሰክረው ቅንጣት ሂግስ ቦዞን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 መታየቱ ተነገረ። እስከዚያ ድረስ 48 ዓመት «ታሰበ» ሲባል የኖረ ነገር በዚያን ቀን «ተገኘ» ሆነ። ኦንግሌርና ሂግስ በ2013 ኖቤል ተሸለሙ፤ ብራውት ግን በ2011 አርፎ ስለነበር አልደረሰበትም።

እስከዚህ ጥሩ። «ለሁሉም ነገር መጠነ ቁስ የሚሰጠው እሱ ነው» ማለቴ ግን ስህተት ነበር። እኛ የተሠራነው በአብዛኛው ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ነው። ፕሮቶን ደግሞ ሦስት ኳርኮች አሉት። ሂግስ ለእነዚህ ሦስት ኳርኮች የሚሰጠው መጠነ ቁስ ቢደመር የፕሮቶኑን 1 በመቶ ገደማ ነው! የቀረውስ? የቀረው ኳርኮቹ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲራወጡ፣ ግሉኦን የተባሉት መልእክተኞችም አጣብቀው ሲይዟቸው ያለው ኢነርጂ ነው። አንስታይን ኢነርጂና መጠነ ቁስ አንድ ናቸው ያለው እዚህ ጋ በሥራ ላይ ይታያል። ጓደኛዬ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ 60 ኪሎ ብትሆኚ የሂግስ ድርሻ ወደ 600 ግራም ነው። የቀረው የሩጫ ውጤት ነው።» ቀጭን ስለሆንኩ 60 አልደርስም፣ ግን ነጥቡ ገብቶኛል።

እዚህ ላይ ግን ወደ ሌላኛው ጽንፍ እንዳንወድቅ። «እንግዲያው ሂግስ ምንም አያደርግም» ብሎ መጻፍም ሌላ ስህተት ነው። ኤሌክትሮን መጠነ ቁሱን ያገኘው ከዚያ መስክ ነው፤ ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ባይኖረው አቶም የሚባል ነገር ባልተሠራም ነበር። ትንሽ ድርሻ ናት፣ ግን ቤቱን የያዘች ምሰሶ ናት። በተጨማሪም ሂግስ ያልመለሰው ጥያቄ አለ። ቶፕ የተባለው ኳርክ ከኤሌክትሮን ከ3 መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይከብዳል። ሁለቱም ከአንድ መስክ ተቀብለው ለምን እንዲህ ተበላለጡ? እስካሁን ያሳመነ መልስ የለም።

ሦስተኛው ስህተት፦ ስሙ

«የእግዚአብሔር ቅንጣት» የሚለው ስም የመጣው ሊዮን ሌደርማን የተባለ የኖቤል ተሸላሚ የፊዚክስ ሊቅ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ካሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ነው። ሌደርማን ራሱ እንደጻፈው ቅንጣቷ አልገኝ ብላ ስላስመረረች ሊሰጣት የፈለገው ስም እርግማን ያለበት ነበር፤ አሳታሚው አልተቀበለውም። ሂግስ ራሱ በእምነቱ እግዚአብሔር የለም የሚል ሰው ሲሆን ስሙን አልወደደውም፤ አማኞችን ሊያስቀይም ይችላል ብሎም ይሰጋ ነበር።

አያችሁ? ስሙ የገበያ ስም ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ እንደ ቀልድ ሊያልፍ ይችል ይሆናል። እኛ ጋ ግን እግዚአብሔር የሚለውን ስም ሰዎች በቀልድ አይሰሙትም። በራችን ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ቃሉን የሰሙት በሙሉ ትርጉሙ ነው። እኔ በአንድ ስም ትኩረት ልስብ ብዬ እሳቸውን ወይ ሳይንስን እንዲንቁ፣ ወይ እምነታቸው የተነካ እንዲመስላቸው አደረግኩ። ሁለቱም ጉዳት ነው። ደግሞም ሁለቱም ጉዳት የመጣው ከሳይንቲስቶቹ ሳይሆን ከእኔ ነው።

አራተኛው ስህተት፦ «በሩ ተከፈተ» ያልኩት

ይህ ከሁሉም የባሰው ነው። አምስተኛው አቅጣጫ የሚለው ነገር ከየት መጣ?

ዓለማችን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ ሦስት አቅጣጫ ነው፤ ጊዜ ሲጨመር አራት። እ.ኤ.አ. በ1919 ቴዎዶር ካሉዛ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሰው ለአንስታይን ደብዳቤ ጻፈ። አንድ አቅጣጫ ብንጨምር የመሬት ስበትና የኤሌክትሮማግኔት ሕግ ከአንድ ሒሳብ ይወጣሉ የሚል ነበር። ወረቀቱ በ1921 ታተመ። በ1926 ስዊድናዊው ኦስካር ክላይን «ታዲያ ይህ አቅጣጫ ለምን አይታየንም?» ለሚለው መልስ ሰጠ፦ በጣም ስለተጠቀለለ ነው።

የልብስ ማስጫ ገመድን አስቡ። ከሩቅ ሲያዩት መስመር ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ያለው። ገመዱ ላይ ላለች ጉንዳን ግን ሌላ መንገድ አላት፤ ዙሪያውን መዞር ትችላለች። ዙሪያውን ስትዞር ከሩቅ የሚያያት ሰው ባለችበት የቆመች ይመስለዋል። ለእኛ የቆመ የሚመስል ነገር ኢነርጂ ካለው ደግሞ ያንን ኢነርጂ መጠነ ቁስ እንለዋለን። እንግዲህ በዚህ ሐሳብ መሠረት መጠነ ቁስ የሚባለው ነገር በማይታየን አቅጣጫ የሚደረግ ሩጫ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ፀጉሬ ቆሟል፣ አልዋሽም።

በኋላ ሐሳቡ ከሂግስ ጋር ተገናኘ። ኒኮላስ ማንተን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ዩታካ ሆሶታኒ በ1983 ያቀረቡት መንገድ እንዲህ ነው። መልእክተኛው መስክ በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚያመለክት ክፍል አለው። አምስተኛ አቅጣጫ ካለ በዚያ በኩል የሚያመለክት ክፍልም ይኖረዋል። እኛ አቅጣጫውን ስለማናየው ያ ክፍል አቅጣጫ የሌለው ተራ መስክ ሆኖ ይታየናል። ሂግስም እኮ አቅጣጫ የሌለው መስክ ነው! ስለዚህ ምናልባት ሂግስ ራሱን የቻለ እንግዳ ነገር ሳይሆን ድብቅ ፊቱን ያዞረ መልእክተኛ ይሆን? ይህ ቢሆን ሂግስ ከጠበቅነው በላይ እጅግ ከባድ ያልሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 አርካኒ ሐመድ፣ ዲሞፑሎስ እና ድቫሊ፣ በ1999 ደግሞ ሊሳ ራንዳልና ራማን ሰንድረም ለዚሁ የክብደት ጥያቄ በሌሎች ዓይነት ተጨማሪ አቅጣጫዎች መልስ ፈልገዋል።

ውብ ሐሳብ ነው። ነገር ግን እዚህ ጋ ግሱን ያዙልኝ፦ ታሰበ። እነዚህ ሐሳቦች ትክክል ቢሆኑ ከሚታወቁት ቅንጣቶች ጋር ከባድ መንትያዎቻቸው ሊታዩ ይገባል። 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው የሰርን ማሽን ፈልጓቸዋል፤ አላገኛቸውም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ውጤት የመሬት ስበት ሕግ እስከ 52 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሰው ፀጉር ውፍረት እስከሚያህል ርቀት ድረስ ምንም ለውጥ አላሳየም። ከዚያ ያነሰ ወይም ከዚያ የተደበቀ አቅጣጫ ሊኖር ይችላል፤ ማንም ግን አላየውም። እኔ «በሩ ተከፈተ» ያልኩት እስካሁን ግድግዳ ብቻ የተነካበትን ቦታ ነው።

የተጣደፉት እኛ ብቻ አይደለንም

እ.ኤ.አ. በ2008 ማሽኑ ሊጀመር ሲል ተጨማሪ አቅጣጫዎች ካሉ ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች ሊፈጠሩ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ በየጋዜጣው «ማሽኑ ዓለምን ሊውጥ ነው» ሆነ። ከጠፈር የሚመጡ ከዚያ የበለጠ ኢነርጂ ያላቸው ጨረሮች መሬትን ለብዙ ዘመን ሲደበድቧት እንደኖሩ የሚገልጸው የጥናት ሪፖርት ግን ያን ያህል አልተነበበም።

በመስከረም 2011 ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶች ከሰርን ጣሊያን ድረስ 730 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ ቀድመው ደረሱ ተባለ። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው «ስህተታችንን ፈልጉልን» እያሉ ነበር ያቀረቡት። ርዕሱ ግን «አንስታይን ተሸነፈ» ሆነ። አንዳንዶችም ቅንጣቶቹ በተጨማሪ አቅጣጫ አቋርጠው ይሆናል አሉ። በ2012 ሲጣራ በደንብ ያልገባ የመስመር ገመድ ተገኘ። ገመድ!

በታኅሣሥ 2015 ደግሞ በሰርን መረጃ ላይ አንድ ጉብታ ታየ፤ አዲስ ቅንጣት ይሆን ተብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶች ተጻፉበት፣ ከእነሱም ውስጥ በተጨማሪ አቅጣጫ ሊያብራሩት የሞከሩ ነበሩ። በነሐሴ 2016 ብዙ መረጃ ሲሰበሰብ ጉብታው ጠፋ። ማንም አልዋሸም። ዕድል ያመጣው ጉብታ ነበር። ፊዚከኞች «አምስት ሲግማ» የሚሉትን መለኪያ ሳያልፉ «ተገኘ» የማይሉትም ለዚህ ነው፤ አዲስ ነገር ሳይኖር በዕድል ብቻ ያን ያህል ጉብታ የሚታየው ከ3 ሚሊዮን ተኩል አንድ ጊዜ ገደማ ነው።

ከዚህ ጋር የሂግስን ዜና አስተያዩት። በሐምሌ 2012 ሰርን ያወጣው መግለጫ «ሂግስን አገኘን» አይልም ነበር፤ ከሂግስ ጋር የሚስማማ አዲስ ቅንጣት ታየ ነው ያለው። ሂግስ ቦዞን መሆኑን የተናገረው ተጨማሪ መረጃ ከተመረመረ በኋላ በመጋቢት 2013 ነው። አሥር ሺህ ሰው ያህል የሚሠራበት ቤት ስምንት ወር ታገሰ። እኔ አምስት ደቂቃ አልታገስኩም።

«ማን ያነበዋል?» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ በክፍል ውስጥ ሳነሳ ሁለት ተቃውሞ ገጥሞኛል። ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው፣ «ምናልባት፣ ይሆናል፣ ገና ነው እያልሽ ብትጽፊ ማን ያነብልሻል?» የሚል ነው። እኔ ግን እላለሁ፦ የጉንዳኗን ምሳሌ ያለ አንዲት ውሸት ነግሬያችሁ አንብባችኋል እኮ! ሰዎች መቶ ዓመት ሙሉ አንድ የማይታይ አቅጣጫ ፈልገው፣ 27 ኪሎ ሜትር ማሽን ሠርተው፣ አለማግኘታቸውን በግልጽ መናገራቸው በራሱ ትልቅ ወሬ ነው። «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚለው ግስ ደካማ የሚመስለን እኛ ስለማንጠቀምበት ነው።

ሁለተኛው፣ «እዚህ የዳቦ ዋጋ እየናረ አንቺ ስለ አምስተኛ አቅጣጫ ትጨነቂያለሽ?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሂግስ ዳቦ አያረክስም። ነገር ግን ግሡ ያው ግስ ነው። ነገ «ለዚህ በሽታ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ወረቀት እጃችን ላይ ይወድቃል። በአይጥ ላይ የተሞከረ ነው ወይስ በሰው? ታሰበ ነው ወይስ ተረጋገጠ? የሚያዳምጠን ሰው የታመመ ልጅ ይኖረው ይሆናል፤ የሚወስደውን መድኃኒት ጥሎ ያኛውን ፍለጋ ይሄድ ይሆናል። ማንም በማይጎዳበት በቅንጣት ዜና ላይ መጠንቀቅን ካልተለማመድን ሰው በሚጎዳበት ቀን ከየት እናመጣዋለን?

ምን ይደረግ?

ለመተቸት ብቻ አልጻፍኩም፤ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ሐሳብ አለኝ።

አንደኛ፣ የሳይንስ ዜና ስንጽፍ ከርዕሱ በፊት ግሱን እንምረጥ። «ተገኘ» ካልን ማን አገኘ፣ ስንት ጊዜ ተረጋገጠ የሚለውን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንመልስ። መምህራንም ውጤት ሲሰጡ ለድምፅ አወጣጥ እንደሚሰጡት ሁሉ ለዚህም ነጥብ ቢይዙለት መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ ከፊዚክስ ዲፓርትመንት ጋር ሆነን አጭር የቃላት መፍቻ እናዘጋጅ። መጠነ ቁስና ክብደትን፣ መስክንና ኃይልን የሚለይ አንድ ገጽ ወረቀት ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወጪው የአንድ ፎቶ ኮፒ ነው። የእኛና የእነሱ ሕንፃ የሚራራቀው በእግር ሦስት ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ያቺን ሦስት ደቂቃ ሳልሄድ ነው ያነበብኩት።

ሦስተኛ፣ እርማትን እንልመድ። «ተገኘ» ያልንበት ሰዓትና ቦታ ላይ «ተሳስተናል» እንበል። ጉብታው ሲታይ የፊት ገጽ፣ ሲጠፋ የውስጥ ገጽ ከሆነ አንባቢው ግማሹን ታሪክ ይዞ ይቀራል።

ሦስተኛውን ከራሴ ጀመርኩ። ባለፈው ወር መምህራችንን አስፈቅጄ በዚያው ስቱዲዮ የሁለት ደቂቃ እርማት አነበብኩ። የእግዚአብሔርን ስም አወጣሁ፣ ክብደትን በመጠነ ቁስ ተካሁ፣ አንዷን በመቶ ነገርኩ፣ አምስተኛውን አቅጣጫ «ታስቧል፣ ተፈልጓል፣ አልተገኘም» ብዬ ዘጋሁት። ማንም አላጨበጨበም።

ስወጣ አባባ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ሰሙኝ አባባ?» አልኳቸው።

«ሰማሁ። እንግዲህ ያቺ ነገር ከኪሏችን ጥቂቷን ነው የምትሰጠው፤ ሌላኛውን መንገድ ደግሞ ገና ይፈልጉታል። አይደል?»

«አዎ፣ ልክ ነው!» አልኩ ደስ ብሎኝ።

ቀና ብለው አዩኝና «ታዲያ ይኸው በአንድ ትንፋሽ ያልቅ የለም እንዴ?» አሉኝ። «ያን ጊዜስ እንዲህ ብለሽ ብታነቢው ምን ነበረበት?»

አሁንም መልስ የለኝም። እናንተ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።